ስንት ትበላለች?

በአገራችን ትልቅነት ለብዙ ዘመን የክብር ልክ ሆኖ ኖሯል። ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ድግስ፣ ሰጋር በቅሎ፣ ኋላም ትልቅ መኪና ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ሲከበር፣ ሲፈራና መንገድ ሲለቀቅለት ታይቷል። መኪና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባች ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ንብረት ሆና ስለ ቆየች፣ በሕዝቡ ሕሊና የተቀረጸው ሥዕሏ የመጓጓዣ ሳይሆን የሥልጣን ሥዕል ነበር። ትንሽ መኪና በዚህ ዐይን ስትታይ ያልጨረሰች፣ ያላደገች፣ ባለቤቷም አቅም አንሶት እንጂ ወድዶ ያልገዛት ትመስላለች።

ይሁን እንጂ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቧልት ያውቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በተወሰዱ ጊዜ የቀረበችላቸው ከለመዷቸው ረዣዥም የቤተ መንግሥት መኪኖች አንዷ አልነበረችም፤ ቮልስዋገን ነበረች። በዚያችው ማለዳ በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች ላይ የርሷ እኅቶች መምህሩን ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ጸሐፊዋን ወደ መሥሪያ ቤቷ፣ ነጋዴውን ወደ ሱቁ እያመላለሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና የቢሮ ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዓይነት መኪና ሄዱ ማለት ነው። የዚያን ቀን ትርጉም ብዙ ተጽፎበታል፤ የመኪናዋ ትርጉም ግን ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አልፎም ገና አልተመረመረም።

ትንሽ መኪና በየአገሩ የተፀነሰችው ከእጥረት ነው። በፈረንሳይ የሲትሮይን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ፒየር ቡላንዤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ ዛሬም ይወሳል። ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች ተሸክማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ3 ሊትር በላይ ነዳጅ የማትፈጅ፣ በታረሰ ማሳ ላይ ስታልፍ በቅርጫት ያለውን እንቁላል የማትሰብር መኪና ሥሩልኝ አላቸው። ጦርነቱ መሐል ገብቶ ሥራው ቢዘገይም መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ለሕዝብ ታየች። የእኛ ተረት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ የቡላንዤ እንቁላል ደግሞ በመኪና ሄደ። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ መሐንዲሶቹ የተነሡት ከመኪናዋ መልክ ሳይሆን ከሰዎቹ ኑሮ ነበር። ማን ይጫናል? ምን ይዟል? የሚያልፈው በምን ዓይነት መሬት ላይ ነው? ከዚህ በኋላ ነው ብረቱ የተቀጠቀጠው።

ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጧት ፊያት 600 በ633 ሲሲ ሞተሯ ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠች ሌላ መልስ ነበረች። አዲስ አበባ በጣሊያንኛ ቁጥሯ «ሴይቼንቶ» ብላ ተቀበለቻት፤ ሰማያዊና ነጭ ቀብታም ታክሲ አደረገቻት። ቮልስዋገን ሞተሯን ከኋላዋ አዝላ በነፋስ የምታቀዘቅዝ በመሆኗ የራዲያተር ውኃ አያስጨንቃትም ነበር። ውኃ የማይጠጣ አጋሰስ ያገኘ የቆላ ነጋዴ ቢደሰት አይገርምምና፣ ቮልስም በዚህ ጠባይዋ በመምህራንና በሠራተኞች ዘንድ ተወደደች። ከዚያ በኋላ በፊያት 124 ንድፍ ላይ ተመሥርታ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ላዳ መጣች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወጉባት «ውይይት»ም የዘመኑን ቃል ስም አድርጋ በየሰፈሩ ተመላለሰች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን የወጣችው ቶዮታ ቪትዝ፣ የ1 ሊትር ሞተር ያላት ትንሽ መኪና፣ ከየአገሩ ተለቃቅማ እየገባች የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ ምኞት ሆነች።

ከነዚህ መኪኖች ጋር አንድ ቋንቋ ገብቷል። ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ብሎ የሚናገር መካኒክ ሮምን አይቶ አያውቅም፤ ጎሚስታውና ባትላሜራውም እንዲሁ። የዓመት ምርመራው ምልክት «ቦሎ» የሚባለውም ከዚያው ወገን ነው። ከዚህ ሁሉ የባዕድ ቃል መካከል ግን ገዢው በመጀመሪያ የሚያነሣት ጥያቄ ፍጹም አማርኛ ናት፤ «ስንት ትበላለች?» ትላለች። መኪናዋ እንደ በቅሎ፣ እንደ በሬ፣ እንደ ቤተሰብ አባል መኖ ትጠየቃለች። በቅሎ ሲገዛ ጥርሷንና ኮቴዋን አይቶ፣ በድርቅ ወር ምን ተመግባ እንደምትቆይ አስቦ የሚወስን ሕዝብ፣ መኪናንም በመኖዋ ቢመዝናት የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ጥያቄው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጂንካ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። ከአርባ ምንጭ በኮንሶ እርከኖች በኩል አልፎ ወደ ወይጦ ቆላ የሚወርደው፣ ከዚያም ስሙን ከመሬቱ ወዳገኘው ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ የሚወጣው መንገድ፣ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩባትን የደቡብ ኦሞን ምድር ከቀሪው አገር ጋር ያገናኛል። ጂንካ ለረጅም ዘመን የዚህ ምድር አስተዳደር መቀመጫ ሆና ኖራለች። አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያዋ በከተማዋ እምብርት የተዘረጋ ሣራማ ሜዳ ነበር፤ ከብቱ የሚግጥበት፣ ልጁ ኳስ የሚጫወትበት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ዘወር የሚልበት። ቅዳሜ ገበያው ሲቆም የአሪው ገበሬ ከደጋው እህሉን፣ ቡናውንና እንሰቱን ይዞ ይወርዳል፤ ባናውና ሙርሲው ከቆላው ይወጣል።

በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ የሚታየው ተሽከርካሪ ሁለት ዓይነት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ወይ እጅግ ትልቅ ነው፣ ወይ እጅግ ትንሽ። ትልቁ ላንድክሩዘር ነው። ጎብኚውን ወደ ማጎ፣ ወደ ቱርሚ፣ ወደ ኦሞራቴ ያደርሳል፤ የመሥሪያ ቤቱንና የርዳታ ድርጅቱን ሰው ያመላልሳል። ወንዝ ሊሻገር፣ አሸዋ ሊሰነጥቅ የተሠራ ስለሆነ በገጠሩ መንገድ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሁለት ቶን ያለፈ ብረት አንድ ሰው ይዞ ከቢሮ እስከ ምሳ ቤት ሲሄድ፣ ነዳጁ የሚቃጠለው ሰውየውን ለማጓጓዝ ሳይሆን ብረቱን ለማንቀሳቀስ ነው። ትንሹ ደግሞ ባጃጅ ነው። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ሁሉ፣ ባጃጅም ዘሩን ቢጠይቁት ከሞተር ብስክሌት መወለዱን ትቶ መኪና አጎቴ ነው ሳይል አይቀርም። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ፣ የትንሿ የቤት መኪና ስፍራ፣ በጂንካ ባዶ ባይሆንም የሳሳ ነው።

አንድ የታሪክ መምህር ይህን ባዶ ስፍራ ሊሞላ ተነሣ። ባለቤቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለቱ ለዓመታት ከወር ደመወዛቸው እየቀነሱ የጣሉት ዕቁብ ሲወጣላቸው፣ ቤት ለመጨመር የማይበቃ፣ ዝም ብሎ ለማስቀመጥ ግን የሚያሳሳ ገንዘብ እጃቸው ገባ። መምህሩ በተማሪነቱ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ያያት የአንድ መምህሩ ቮልስ ከሕሊናው አልጠፋችም ነበርና፣ ትንሽ መኪና የመግዛት ሐሳብ በልቡ አድሮ ኖሯል። እንደ ሙያው ጥንቃቄ አንድ ደብተር አውጥቶ በዓምድ ከፈለው። የመኪናዋ ስም፣ ዋጋዋ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር የምትፈጀው ነዳጅ፣ ጥገናዋ፣ ጎማዋ፣ የሦስተኛ ወገን መድኗና ቦሎዋ እያንዳንዳቸው ስፍራ ተሰጣቸው።

ደብተሩ ቶሎ አስተማረው። በመጀመሪያ የገባው ነገር፣ በከተማ ውስጥ ነዳጅ የሚበላው ርቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። መኪና ቆማ ስትነሣ ክብደቷን ሁሉ ከዜሮ ታስነሣለች፤ ፍሬን ሲያዝ ያ የተገዛበት ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ገበያ መሐል ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ደግሞ ምንም ሳትሄድ ትበላለች። በከተማ መንገድ የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የከተማ መኪና የመጀመሪያ በጎነቷ ቅለቷ ነው፤ ቀላል ዕቃ ለማስነሣት ትንሽ ጉልበት ይበቃልና። አንድ ቪትዝ በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ገደማ ትፈጃለች ብሎ ያዘ። ከቤታቸው እስከ ሆስፒታሉ፣ ከዚያም እስከ ትምህርት ቤቱና እስከ ገበያው የቀን ጉዟቸው 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን በወር 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም 21.6 ሊትር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ መጥቶ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ለሒሳብ እንዲቀል ሊትሩ በ100 ብር ቢያዝ በወር 2,160 ብር ነው። ይህ ገና ቤንዚን በማደያ ሲገኝ ነው። ሲጠፋ ግን በመንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ በሌላ ዋጋ ይሸጣል፤ ከነዳጁ ጋር ምን እንደ ተቀላቀለበትም የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከመካኒኩ መጣ። ወጣቱ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መምህር፣ መኪናዋን ብቻ አይዩ፤ ዘመዶቿን ይዩ። ዘመዶቿ ጂንካ ካልመጡ እርሷም እዚህ አትበረክትም» አለው። ዘመዶቿ ያለው መለዋወጫዎቿን ነው። ቮልስ ብርቱ ነች፤ ጀርመን እናት ፋብሪካዋ ብትተዋትም በሜክሲኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስትመረት ቆይታ ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅቶች አፍርታለች። ይሁንና ያ ሁሉ ዘር ዛሬ ለጂንካ አንድ ካርቡራተር በቶሎ የሚያደርስላት አይደለም። በየጊዜው አንድ ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ መኪናዋ ለሳምንት የምትቆም ከሆነ፣ ርካሽነቷ በደብተር ላይ እንጂ በኑሮ ላይ የለም። የመምህሩ የልጅነት ሕልም በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከዓምዱ ተሰረዘ።

ቪትዝን የሰረዛት ደግሞ ሌላ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ዋጋዋ ይወርዳል፤ በእኛ አገር ግን አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመታት እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ዋጋዋ ሲጨምር ታይቷል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የውጭ ምንዛሪው ጠበበ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለውን ታክስ እጅግ አከበደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ድምሩ ግን አስቀድማ የገባችውን ትንሽ መኪና ከሚሊዮን ብር በላይ የምታወጣ ንብረት አደረጋት። መኪና የሀብት ማስቀመጫ በሆነችበት አገር «ስንት ትበላለች?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ትሸጣለች?» በሚለው ይዋጣል። ዕቁቡ የዚህችን ዋጋ ግማሽ እንኳ አይነካም ነበር።

በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር፣ ገና ወጣት የሆነ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ነገሩ ሁሉ በቁጥር የተደገፈ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሰጠው ጉልበት ከሦስት አራተኛው በላይ የሚሆነውን ለጎማው ያደርሳል፤ ፍሬን ሲያዝም ከሚባክነው ከፊሉን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል፤ ካንዴላ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ማርሚታ የለውም። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ብትፈጅ የባልና ሚስቱ የወር ጉዞ 54 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም 4 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ13 ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ነው። «ጋሼ፣ በወር ጥቂት ጊዜ እንጀራ እንደ መጋገር ነው» አለ ወጣቱ። መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. እነዚህን መኪኖች ከተጨማሪ እሴትና ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ በማድረግ መንገዱን ጠርጎላቸው ነበር። ክርክሩ ትክክል ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ብዙዎች በርሱ ተመርተው ገዝተዋል፤ ተጠቅመዋልም።

የታሪክ መምህር ግን ከቁጥር በስተጀርባ የቁጥርን ምንጭ መጠየቅ ልማዱ ነው። ይህ ርካሽ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከእግሩ ሥር ነው የሚመጣው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን የተገነባውም በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ግድቡ ከመሞላቱ በፊት ኦሞ በየዓመቱ ይሞላ ነበር፤ ሙላቱ ሲሸሽ በዳርቻው ጥቁርና እርጥብ ደለል ይተው ነበር። ቦዲው፣ ሙርሲው፣ ካሮው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ በዚያ ደለል ላይ ማሽላውንና በቆሎውን ዘርቶ፣ ዝናብ ቢከዳው እንኳ ወንዙ ሳይከዳው ይኖር ነበር። ግድቡ ውኃውን ዓመቱን ሙሉ እኩል አድርጎ መልቀቅ ሲጀምር ያ ሙላት ቀረ። ቀድሞ ወንዙ ወደ እርሻው ይመጣ ነበር፤ ዛሬ እርሻው ቦይና ፓምፕ ካላገኘ ወደ ወንዙ መሄድ አለበት። አገር ያለ ኃይል አታድግም፤ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ መብራት ይሻል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን «የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያለው ተረተኛ የኦሞን ልጅም ሳያውቀው ጠርቶታል። አንዷ ትንሽ መኪና በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ያለ ድምፅና ያለ ጢስ ስታልፍ «ወጪዋ ጥቂት ነው» ማለት፣ ወጪዋን የሚያወጣው ሌላ ሰው መኖሩን መርሳት ይሆናል። ወጪ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ስፍራ ይለውጣል። ቤንዚን ሲሆን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ወደ ወንዙ ዳርቻ ይወርዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚሻለው ተከፋዩ የራስ ወገን ስለሆነና የሚክስ መንገድ ከተፈለገ ሊካስ ስለሚችል ነው።

መምህሩ ይህን ሁሉ ለባለቤቱ በእራት ሰዓት አብራራላት። እርሷ የኦሞን ነገር በጥሞና ሰማች፤ ከወንዙ ዳር የሚመጡ እናቶችን ታውቃለችና። ከዚያ በኋላ ግን ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ዓምዶቹን በጣቷ እየነካች ተመለከተችና፣ «ስንት ትበላለች ብለህ ሁሉንም ጠይቀሃል፤ ሌሊት ትነሣለች ወይ ብለህ ግን አንዷንም አልጠየቅህም» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጥ ሰዓት አይመርጥም። ተረኛ ያልሆነች አዋላጅ በሌሊት ስትጠራ ባጃጆቹ ገብተዋል፤ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ጭቃው እግር ይይዛል። ባልና ሚስቱ በባትሪ መብራት ተያይዘው በእግር የሄዱባቸው ሌሊቶች ጥቂት አልነበሩም። አንዳንዴ ደርሰዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሲደርሱ ሁሉም ነገር አብቅቶ ነበር፤ በደግም በክፉም። እንግዲህ መኪና የምትመዘነው በምትሄድበት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ እነዚህ ሌሊቶች በደብተሩ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። ሦስት ኪሎ ሜትር ናቸውና ከ20 ብር የማይበልጥ ቤንዚን ይፈልጋሉ። የሚያድኑት ግን በሊትር አይሰፈርም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የዓምዱ ቅደም ተከተል ሁሉ ተገለባበጠ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነች፤ ነገር ግን ዋጋዋ ከአቅም በላይ ነው፤ መብራት መጥፋትም በከተማዋ እንግዳ አይደለምና መብራት ባመሸበት ሌሊት ባትሪዋ ባዶ ሆኖ ብትገኝ የሚጠግናት ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። ቮልስ ዘመድ የላትም። ቪትዝ ከዕቁቡ በላይ ናት። የቀረው፣ መምህሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዓምድ ያልጻፈው፣ በየቀኑ በደጁ የሚያልፈው ባጃጅ ብቻ ነበር። የሚበላው ከትንሿ መኪና ግማሽ ያህል ነው። ዘመዶቹ በከተማው መሐል በየሱቁ ተሰቅለዋል። ጎማውን ጎሚስታው፣ ሞተሩን የሰፈሩ ልጅ ይጠግነዋል። ጭቃ ቢይዘው ሦስት ሰዎች አንሥተው ያወጡታል፤ ላንድክሩዘር ግን ጭቃ ከያዘው ሌላ ላንድክሩዘር ይፈልጋል።

ጉድለቱንም መሸሸግ አያስፈልግም። ባጃጅ ለዝናብና ለነፋስ ክፍት ነው፤ በኮረኮንች ላይ ያንገጫግጫል፤ በኩርባ ላይ ፍጥነት ከጨመሩበት ይገለበጣል፤ ከከተማ ወጥቶ የቀይ አፈርን ዳገት ይውጣ ቢባል አይበጅም። ምጥ የያዛት ሴት የምትጓጓበት አልጋ አይደለም። ለዚህ አምቡላንስ አለ፤ ሊኖርም ይገባል። አዋላጇን ወደ እናቲቱ ለማድረስ ግን ይበቃል። ሌላም ጉዳይ ነበር፤ እርሱም ኩራት ነው። የኮድ 2 ታርጋ ያልም የነበረ መምህር ኮድ 1 ሲገዛ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይስቅ አይቀርም፤ ሳቀም። «መምህር ሾፌር ሆኑ» ያለም ነበር። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ እንደሚጀመር የሚያውቅ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ሳቅ አይደነግጥም።

ያገለገለ ባጃጅ ተገዛ። ቀን ቀን አንድ ሥራ ያጣ የቀድሞ ተማሪ በስምምነት ይነዳዋል፤ ገቢው ለነዳጁ፣ ለዘይቱ፣ ለጎማውና ለወጣቱ ኑሮ ይሆናል፤ የሚተርፈው ወደ ዕቁቡ ይመለሳል። ማታ ወደ ግቢው ገብቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ታንከሩ ከግማሽ ሳይጎድል ያድራል፤ ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ውል ነው። መምህሩ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በሃምሳ ዓመቱ መሪ መያዝ ተማረ። ሌሊት ስልኩ ሲጠራ የሚነሡት ሁለቱም ናቸው፤ አንዷ ነጭ ልብሷን ትለብሳለች፣ ሌላው ቁልፉን ያነሣል።

የዚህ ጉዳይ ትምህርት ባጃጅ ከመኪና ይበልጣል የሚል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ልጆቿን በየትምህርት ቤቱ የምታደርስ እናት ሌላ መልስ ያስፈልጋታል፤ ኦሞራቴ ላይ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪምም ሌላ። ይልቁንም ጂንካን የመሰለች ከተማ ሲታሰብ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየራሱ ብረት ከሚገዛ ይልቅ የሚራመድበት የእግረኛ መንገድ፣ የሚበራ የመንገድ መብራት፣ ሌሊት የሚሠራ የጋራ መጓጓዣ ቢኖር ወጪው ከሁሉም ያነሰ ይሆን ነበር። ከኦሞ የሚመነጨው ኃይል በመጀመሪያ የኦሞን ተፋሰስ ጤና ጣቢያዎችና የመስኖ ፓምፖች ቢያንቀሳቅስ፣ ባለሦስት እግሩም ከጊዜ በኋላ በኤሌክትሪክ ቢነዳ፣ የወጣቱ የፊዚክስ መምህር ቁጥርና የታሪክ መምህሩ ጥያቄ በአንድ ገጽ ላይ ሊታረቁ ይችላሉ። እስከዚያ ድረስ ግን እያንዳንዱ ሰው ባለው ገንዘብና ባለው መንገድ መምረጡ አይቀርም፤ ሲመርጥም ከመጀመሪያው ጥያቄ አንድ እርምጃ ወደፊት ቢሄድ ይጠቀማል። ስንት ትበላለች ካለ በኋላ፣ ለማን ትሠራለች ማለት አለበት።

መምህሩ ደብተሩን አልተወም። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎ የሚሉት ዓምዶች በየሳምንቱ ይሞላሉ። ከነርሱ ቀጥሎ ባለቤቱ በእጇ ጽሑፍ የጨመረችው «ሌሊት» የሚል አንድ ዓምድ አለ። በዚህ ዓምድ ውስጥ ብርና ሊትር አይጻፍም፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ትሰመራለች። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ መስመሮቹ ሲቆጠሩ 31 ሆኑ።